የደችና የፖርቹጋል የባሕር ማዶ ጦርነት፦ ፖርቹጋል እስያን አጥታ ብራዚልን እንዴት አተረፈች?

ታሪክ ፈላጊ

ጤና ይስጥልኝ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሆላንድና በፖርቹጋል መካከል ስለተደረገው ጦርነት የሚያውቁ ወንድሞችና እኅቶች እንዲያስረዱኝ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ጦርነቱ ከ1602 እስከ 1663 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቷል፤ ውጊያው ከብራዚል ጠረፍ አንሥቶ በአንጎላ፣ በሞዛምቢክ፣ በሕንድ፣ በሴሎን (በዛሬዋ ስሪ ላንካ) እና በዛሬዋ ማሌዥያ በምትገኘው በማላካ በኩል አልፎ በቻይና ጠረፍ እስካለችው እስከ ማካው ደርሷል። ሆኖም ስለ ናፖሊዮን ዘመቻዎች ወይም ስለ ሠላሳው ዓመት ጦርነት የሚያወራ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ይህኛውን በስሙ የሚጠራው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ያልገባኝ ሦስት ነገር ነው። ሆላንዳውያን ያመፁት በስፔን ንጉሥ ላይ ሆኖ ሳለ በትሩ በፖርቹጋል ላይ ያረፈው ለምንድን ነው? ፖርቹጋል በ1640 ከስፔን ስትላቀቅስ ሁለቱም የስፔን ጠላቶች ሆኑ ማለት ነውና፣ ጦርነቱ በዚያው ለምን አላበቃም? ከሁሉም በላይ ግራ ያጋባኝ ግን ውጤቱ ነው። ማላካን፣ ኮሎምቦንና ኮቺንን መከላከል ያቃታት ያቺው ትንሽ አገር፣ በገንዘብም በመርከብም የሚበልጣትን ጠላት ከብራዚልና ከአንጎላ ለማስወጣት እንዴት ቻለች?

የቅመም መንገድ

የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ የሚጀምረው ከሞሮኮ ነው። የፖርቹጋል ንጉሥ ሴባስቲያን በ1578 በአልካሰር ኪቢር ጦር ሜዳ ላይ ልጅ ሳይተካ ወደቀ፤ ዙፋኑን የወረሱት አረጋዊው ካርዲናል ኤንሪኬም በ1580 ሞቱ። የስፔኑ ዳግማዊ ፊሊፕ በእናቱ በኩል የፖርቹጋሉ ንጉሥ የማኑኤል የልጅ ልጅ ነበርና ጦር ልኮ ያንን ዘውድ በራሱ ዘውድ ላይ ደረበው። ሆላንዳውያን ደግሞ ከ1568 ጀምሮ ከዚሁ ከፊሊፕ ጋር ይዋጉ ስለነበር፣ ፖርቹጋል የአዲሱን ጌታዋን ጠላት አብራ ወረሰች።

ይህ ብቻውን ግን መርከብ ወደ ጃቫ አያስኬድም። ደቾች፣ ማለትም ሆላንዳውያን፣ ከዚያ በፊት ቁንዶ በርበሬውንና ቅርንፉዱን ከሊዝበን እየገዙ በሰሜን አውሮፓ የሚያከፋፍሉ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ፊሊፕ ወደቦቹን በየጊዜው ሲዘጋባቸው ቅመሙን ከሚበቅልበት ስፍራ ራሳቸው ሄደው ሊያመጡት ቆረጡ። የፖርቹጋል እስያ ዋና ከተማ በነበረችው በሕንዷ ጎዋ የሊቀ ጳጳሱ ጸሐፊ ሆኖ ለዓመታት ያገለገለው ያን ሃይኸን ቫን ሊንስኾተን የሚባል የአገራቸው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ፖርቹጋሎች አጥብቀው የሚደብቁትን የባሕር መንገድ በ1590ዎቹ አጋማሽ አሳትሞ አወጣው። በ1595 የተነሣው የመጀመሪያው ጉዞ ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹን በሞት አጥቶ ቢመለስም፣ መንገዱ የሚያስኬድ መሆኑን አሳየ። በ1602 የተቋቋመው የደቾች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ 6.4 ሚሊዮን ጊልደር (የሆላንድ ገንዘብ) ያህል ካፒታል ነበረው። ይህ ለዘመኑ ትልቅ ገንዘብ ቢሆንም ይበልጥ የሚያስፈራው ከመንግሥት የተሰጠው ሥልጣን ነው፤ ምሽግ የመሥራት፣ ወታደር የመቅጠር፣ ከነገሥታት ጋር ውል የመዋዋልና የመዋጋት መብት ነበረው።

የጦርነቱን ጠባይ ለመረዳት በፌብሩዋሪ 1603 በሲንጋፖር አቅራቢያ የሆነውን ማየት ይበቃል። ያኮብ ቫን ሄምስኬርክ የተባለ አዛዥ፣ ፖርቹጋሎችን በማይወዱት በማላካ ጎረቤት በጆሆር ሱልጣኔት ሰዎች እየታገዘ፣ ከማካው ሐርና የሸክላ ዕቃ ጭና የምትመጣውን «ሳንታ ካታሪና» የተባለች ግዙፍ መርከብ ማረከ። ጭነቷ አምስተርዳም ላይ በጨረታ ሲሸጥ ከ3 ሚሊዮን ጊልደር በላይ አወጣ፤ ይህም ከኩባንያው ካፒታል ግማሽ ያህሉ ነው። ዝርፊያ ነው የሚል ቅሬታ ሲነሣ ኩባንያው ሁጎ ግሮቲየስ የሚባለውን ወጣት የሕግ ሊቅ ጠበቃ አድርጎ አሠለፈው፤ ባሕር የማንም የግል ርስት ሊሆን አይችልም የሚለው ዝነኛ ክርክሩ የተወለደው ከዚህ ጉዳይ ሲሆን፣ ለኅትመት የበቃው በ1609 ነው። ባሕሩ ለሁሉም ክፍት ነው ያለው ኩባንያ ግን በ1621 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ባሉት በባንዳ ደሴቶች ገውዝ ለሌላ ገዥ እንዳይሸጥ ሲል በያን ፒተርስዞን ኩን አዛዥነት ከነዋሪው አብዛኛውን ገደለ፣ በረኃብ ጨረሰ፣ ወይም በባርነት አጋዘ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የግሮቲየስን ክርክር ከባንዳ ለይቼ ማየት አይሆንልኝም።

ወደ ውጊያው ስንመለስ፣ ደቾች ገና ከጅምሩ አሸናፊ ነበሩ የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። በ1605 የቅመም ደሴት የሆነችውን አምቦንን ያለ ብዙ ውጊያ ያዙ፤ ነገር ግን በ1606 ማላካን፣ በ1607ና በ1608 የሞዛምቢክ ደሴትን ከብበው ሳይሳካላቸው ተመልሰዋል። በ1622 ማካው ላይ የደረሰባቸው ሽንፈት ደግሞ አሳፋሪ ነበር። ከኮረብታው ላይ የተተኮሰ የኢየሱሳውያን መድፍ የባሩድ በርሜላቸውን አፈነዳው፤ ከዚያ በኋላ የከተማዋ ሰዎች፣ በተለይም ለፖርቹጋሎች በባርነት የሚያገለግሉ አፍሪካውያን፣ እየተከተሉ እስከ ባሕሩ ድረስ ነዷቸው። ኩን ራሱ ሰዎቹን ያባረሩበት እነዚህ ባሪያዎች መሆናቸውን በጽሑፍ አምኗል።

ሚዛኑ የተለወጠው ደቾች ምሽግ ላይ መንደርደሩን ትተው ባሕሩን መዝጋት ሲጀምሩ ነው። ከ1636 ጀምሮ መርከቦቻቸው በየዓመቱ ጉዞ በሚመችበት ወቅት የጎዋን ወደብ ይዘጉ ነበር። ማላካ በ1640 ክረምት ተከብባ በጃንዋሪ 1641 የወደቀችው ከመድፉ ይልቅ በረኃቡና በወረርሽኙ ሲሆን፣ በየብስ በኩል መውጫዋን የዘጉት የጆሆር ወታደሮች ነበሩ። ለሦስተኛው ጥያቄዎ ከእስያ በኩል የምሰጠው መልስ ከዚህ ይነሣል፤ የፖርቹጋል እስያ በባሕር የተያያዘ የምሽግ ሰንሰለት እንጂ አገር አልነበረም። ባሕሩን ሌላ ሰው ከያዘውና ከምሽጉ ጀርባ ያለው ንጉሥ ፊቱን ካዞረ፣ ምሽጉ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ሴሎንን ብቻ ልጨምር። በደሴቲቱ ተራራማ መሃል የነገሠው የካንዲው ንጉሥ ዳግማዊ ራጃሲንሃ በ1638 መጋቢት ላይ የፖርቹጋልን ጦር በጋኖሩዋ ደመሰሰ፤ በዚያው ዓመት ከደቾች ጋር ተዋውሎ ወጪያቸውን በቀረፋ ሊከፍል ተስማማ። ውሉ ግን የተማረኩት ምሽጎች በማን እጅ እንደሚቆዩ ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው የሚተረጉሙት ሆነ። ኮሎምቦ ለወራት ተከብባ በግንቦት 1656 እጇን ስትሰጥ ደቾች በሩን በንጉሡ ፊት ዘጉበት፤ እርሱም በዙሪያው ያለውን አገር አጥፍቶ ወደ ተራራው ተመለሰ። የሴሎን ሰዎች ዝንጅብል ሰጥቶ ሚጥሚጣ እንደመቀበል ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይተርቱበታል።

አትላንቲክ ማዶ

ከላይ የተጻፈው መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህን ጦርነት የቅመም ጦርነት ብሎ መጥራት ግማሹን መሸፈን ይመስለኛል። በአትላንቲክ በኩል የስኳርና የባሪያ ጦርነት ነበር፤ ጠያቂያችን ያነሡት እንቆቅልሽም የሚፈታው በዚያ በኩል ነው።

በ1621 የተቋቋመው የደቾች የምዕራብ ሕንድ ኩባንያ በ1624 የብራዚልን ዋና ከተማ ሳልቫዶርን ያዘ፤ በዓመቱ ግን ከስፔንና ከፖርቹጋል የተውጣጣ ታላቅ መርከበኛ ጦር መጥቶ አስለቀቀው። በ1628 ፒት ሄይን በኩባ ማታንዛስ ወደብ የስፔንን የብር መርከቦች ሲማርክ ኩባንያው በአንድ ቀን ከበረ፤ በዚያ ገንዘብ በተደራጀ ዘመቻም በ1630 ኦሊንዳንና ሬሲፌን፣ በኋላም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ያለውን አብዛኛውን የፔርናምቡኮ የሸንኮራ አገር ያዘ። ከ1637 እስከ 1644 የገዛው ዮሃን ማውሪትስ ለሃይማኖት ልዩነት ትዕግሥት የነበረው፣ ሠዓሊዎችንና የተፈጥሮ ተመራማሪዎችን ይዞ የመጣ መስፍን ስለነበር የሆላንድ ብራዚል ሲነሣ ስሙ በአድናቆት ይጠራል። ይኸው ሰው ግን ሸንኮራው ያለ ባሪያ እንደማይታጨድ ገብቶት፣ በመጣበት ዓመት በዛሬዋ ጋና የሚገኘውን የኤልሚና ምሽግ፣ በ1641 ደግሞ የአንጎላዋን ሉዋንዳንና የሳኦ ቶሜን ደሴት አስይዟል። ይህ በአድናቆቱ መካከል ሲነሣ ብዙም አልሰማም።

አንጎላ ላይ የደቾች መምጣት ለአካባቢው ገዥዎች ሲሳይ መስሎ ታይቶ ነበር። የኮንጎ ንጉሥ ዳግማዊ ጋርሲያና የንዶንጎና የማታምባ ንግሥት ንጂንጋ አብረዋቸው ተሠለፉ። ንጂንጋ ከፖርቹጋል ጋር ስትፋለም የኖረች ንግሥት ናት፤ በ1647 ከደቾች ጋር ሆና ኮምቢ በተባለ ስፍራ ፖርቹጋሎችን ክፉኛ መታቻቸው። ሉዋንዳን የሸሹት ፖርቹጋሎች ከባሕሩ ርቀው በማሳንጋኖ ምሽግ ተወሽቀው ነበርና ነገራቸው ያለቀ ይመስል ነበር።

እንግዲህ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ፔርናምቡኮ ውስጥ የፖርቹጋል ዝርያ ያላቸው የሸንኮራ ባለርስቶች ከኩባንያው በብድር ተዘፍቀው ነበር፤ ማውሪትስ በ1644 ሲሄድና ኩባንያው ዕዳውን አጥብቆ ሲጠይቅ በ1645 ዐመፁ። ዐመፁን የመሩት ዡዋዎ ፌርናንዴስ ቪየራ የሚባል ባለርስትና አንድሬ ቪዳል ዴ ኔግሬይሮስ ሲሆኑ፣ ጥቁሮቹን ኤንሪኬ ዲያስ፣ የአገሬውን ተወላጆች ፊሊፔ ካማራዎ ያዝዙ ነበር። በ1648ና በ1649 በጓራራፔስ ኮረብቶች ላይ በተደረጉት ሁለት ውጊያዎች ደንበኛውን የደች ጦር አሸነፉት፤ ጠባቡንና ረግረጋማውን መሬት ያውቁታል፣ ሙቀቱን ለምደውታል፣ ተሸንፈው የሚሄዱበት ሌላ አገርም የላቸውም።

የሊዝበኑ ንጉሥ አራተኛ ዡዋዎ በበኩሉ በአደባባይ ዐማፅያኑን አላውቃቸውም እያለ በስውር ይረዳቸው ነበር። እንዲያውም ብልሁ ኢየሱሳዊ አንቶኒዮ ቪየራ፣ ፔርናምቡኮን ለደቾች ሰጥቶ ሰላም መግዛት ይሻላል ብሎ ንጉሡን መክሮ ነበር። ብራዚልን ያዳናት ከሊዝበን የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን ትእዛዝ ያልጠበቁ ሰዎች ናቸው። ሉዋንዳም በነሐሴ 1648 የተመለሰችው ከሪዮ ዴ ጃኔይሮ በተነሣ፣ የሪዮ ነጋዴዎችና ባለርስቶች ገንዘብ ባዋጡለትና ሳልቫዶር ኮሬያ ዴ ሳ በመራው የመርከብ ጦር ነው። አንድ ቅኝ ግዛት ውቅያኖስ ተሻግሮ ሌላውን አስለቀቀ፤ ዓላማው ግን ነፃነት አልነበረም፤ የባሪያው ጭነት እንዳይቋረጥ ነው። ንጂንጋ ወደ ማታምባ አፈገፈገች፤ በ1656 ከፖርቹጋል ጋር ሰላም አደረገች፤ ያረፈችውም ጦርነቱ ባበቃበት በ1663 ነው። ሬሲፌ ደግሞ ሆላንድ ከ1652 ጀምሮ ከእንግሊዝ ጋር በባሕር ስትዋጋ ረዳት አጥታ በጃንዋሪ 1654 እጇን ሰጠች።

ባሕረ ነጋሽ

ሁለቱም ጸሐፊዎች ጥሩ አድርገው አስረድተዋል፤ ሆኖም «ሥር የሰደደ ሕዝብ ያለበት ይጸናል፣ ምሽግ ብቻ ያለበት ይወድቃል» ወደሚል ቀላል ደንብ እንዳንሄድ አሳስባለሁ። ሴሎን ውስጥ አግብተው የወለዱ፣ መሬት ይዘው የኖሩ ፖርቹጋሎች ነበሩ፤ ተባረሩ። ጎዋና ማካው የጠበቡ የባሕር ዳር ከተሞች ነበሩ፤ ጸኑ። ደቾች ጎዋን ለዓመታት ቢያስጨንቋትም አልያዟትም። ብራዚል ውስጥ ወሳኙ ነገር ሰዎቹ ሥር መስደዳቸው ብቻ ሳይሆን ኩባንያው በዋናው የገቢ ምንጩ፣ በባለርስቶቹ ላይ፣ አራጣ አበዳሪ ሆኖ መምጣቱ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ ፖርቹጋል በእስያ ያጣችው ሁሉ ለደች ድል መቆጠር የለበትም። ሆርሙዝን በ1622 የወሰዱት በእንግሊዝ መርከቦች የታገዙት ፋርሶች ናቸው፤ ከጃፓን በ1639 ያስወጣቸው የቶኩጋዋ መንግሥት ነው፤ ሙስካትን በ1650 ያስለቀቁት ኦማኖች ሲሆኑ፣ በኋላ በ1698 የሞምባሳን ፎርት ጂሰስንም እነርሱው ወስደዋል።

የእኛን አገር የሚነካ ነገርም አለ። በ1541 ከክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጋር ምፅዋ የወረዱት 400 ያህል ወታደሮች የመጡት ከጎዋ ነው፤ ኢየሱሳውያኑም በሱስንዮስ ዘመን ስንቃቸውና መልእክታቸው የሚመጣው ከዚያው ነበር። አፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ባስወጡ ጊዜ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ የጦር ኃይል እንዲላክ ወተወቱ፤ አባ ዤሮኒሞ ሎቦም ይህንኑ ልመና ይዘው እስከ ሊዝበንና እስከ ሮም ድረስ ሄደዋል። ጦር ግን አልመጣም። ጎዋ በእነዚያው ዓመታት የራሷን ወደብ እንኳ መክፈት ተስኗት እንደነበር ከላይ ከተጻፈው አይተናል፤ እምቢታው በዚህ ብቻ የመጣ ነው ባልልም፣ ሊረዳ የሚችል እጅ እንዳልነበራት ግልጽ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ትውልድ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ ሆኖ የደቾች የእስያ ዋና ከተማ ወደነበረችው ወደ ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) መጓዙም፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ኃይል ወደማን እንደዞረ ጎንደር ውስጥ ይታወቅ እንደነበር ያሳያል።

ስለመረሳቱ ደግሞ፣ ጦርነቱ በቁርጥራጩ አልተረሳም ባይ ነኝ። ብራዚል ውስጥ የመጀመሪያው የጓራራፔስ ውጊያ የተካሄደበት ኤፕሪል 19 የሠራዊቱ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ አንጎላ ንጂንጋን ታከብራለች፤ ሆላንድ የኩባንያዋን ታሪክ ታወራለች። ሁሉም የየድርሻውን ወስዶ የራሱ ብሔራዊ ታሪክ ምዕራፍ ስላደረገው፣ አንድ ጦርነት መሆኑን የሚናገር ጠፋ።

ታሪክ ፈላጊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ1640 ነገር ብቻ ቀረኝ። ሰላም ተፈራርመው እንደነበር አንድ ቦታ ላይ አይቻለሁ፤ ታዲያ ሉዋንዳ በ1641 እንዴት ተያዘች?

የቅመም መንገድ

በትክክል አይተዋል። ፖርቹጋል በዲሴምበር 1640 ከስፔን ተላቀቀች፤ በጁን 1641 ደግሞ በሄግ የአሥር ዓመት የተኩስ አቁም ውል ተፈረመ። ውሉ በአውሮፓ ወዲያውኑ የሚጸና ሲሆን ባሕር ማዶ ግን ከጸደቀና ዜናው ከደረሰ በኋላ እንዲሠራ ተደረገ። ኩባንያዎቹ ይህንን ክፍተት እንደ መልካም አጋጣሚ ቆጠሩት፤ ሉዋንዳ በነሐሴ፣ ሳኦ ቶሜ በጥቅምት፣ የብራዚሉ ማራኛዎ በኅዳር ተያዙ። በእስያም በሴሎኗ ወደብ በጋሌ ዙሪያ ያለው የቀረፋ መሬት የማን ነው በሚል ሙግት ውሉ በተግባር የዋለው በ1644 መጨረሻ ነው። ከ1652 በኋላ እንደገና ተዋጉ። የስፔን ጠላትነት ለጦርነቱ መነሻ ሆነ እንጂ ማቆያው ንግዱ ነበር፤ ሆላንድ ራሷ በ1648 ከስፔን ጋር ታርቃ ስታበቃ ከፖርቹጋል ጋር መዋጋቷን አለማቆሟ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

የመጨረሻውም ውል እንደዚሁ ነው የሆነው። በኦገስት 1661 በሄግ በተፈረመው ስምምነት ሆላንድ ብራዚልን ለፖርቹጋል ለቀቀች፤ በምትኩ ፖርቹጋል በራሷ ገንዘብ 4 ሚሊዮን ክሩዛዶ፣ ማለትም 8 ሚሊዮን ጊልደር፣ በ16 ዓመት ውስጥ በገንዘብ፣ በስኳር፣ በትምባሆና በጨው ልትከፍል ተስማማች። በጦር ሜዳ ያሸነፈው ወገን ካሳ ከፋይ ሲሆን ያስገርማል፤ ሊዝበን ግን ገና ከስፔን ጋር እየተዋጋች ስለነበር ሁለተኛ ጠላት ማቆየት አትችልም። በዚያው ዓመት ልዕልት ካታሪናን ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ቻርልስ ለመዳር ስትዋዋል ቦምቤይን በጥሎሽ ለመስጠት የተስማማችውም በዚሁ ጭንቀት ነው። ውሉ እስያ ከመድረሱ በፊት ግን የኩባንያው አዛዥ ራይክሎፍ ቫን ኾንስ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ በማላባር ጠረፍ ላይ ተቻኮለ፤ ኮቺን በጃንዋሪ 1663፣ ካናኖርም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደቁ። ፖርቹጋል ከተሞቹ ይመለሱልኝ ብላ ለዓመታት ተከራከረች፤ በ1669 በተደረገው ሌላ ስምምነት ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም በደቾች እጅ እንዲቆዩ ተወሰነ፤ የዕዳውም አብዛኛው ከፖርቹጋሏ ወደብ ከሴቱባል በሚጫን ጨው እንዲከፈል ሆነ።